ኤቲአርቲ (አደገኛ የሕፃናት የአንጎል ዕጢ) ያለበት ሕፃን፦ የጨረር ሕክምናው 3 ዓመት እስኪሞላው ይቆይ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁም። የ20 ወር ሕፃን ነው፤ ትንሹ አንጎል አካባቢ ከነበረው ዕጢ አብዛኛው በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። የመጀመሪያው የፓቶሎጂ ውጤት ሜዱሎብላስቶማ (ሌላ ዓይነት የትንሹ አንጎል ዕጢ) ይላል። በኋላ የአይኤንአይ-1 (በጤናማ ሴሎች ኒውክሊየስ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን) ቀለም ሲሠራ ግን የዕጢው ሴሎች አልቀለሙም። ኤቲአርቲ ነው ለማለት ይህ ይበቃል? ጨረሩንስ 3 ዓመት እስኪሞላው ማቆየት ይቻላል?

መልስ 1
መጀመሪያ ያንኑ ስላይድ እንደገና ይዩት። የደም ሥሮቹ ግድግዳና የሊምፎሳይቶቹ ኒውክሊየስ ቀልመው የዕጢው ብቻ ባዶ ከሆነ ውጤቱ ይታመናል። እነሱም ካልቀለሙ የከሸፈው ቀለም አቀባቡ ነውና ይደገም። ቀጥሎ የሕፃኑ ደም ለዘረመል ምርመራ ይላክ። የስማርክቢ-1 (አይኤንአይ-1ን የሚሠራው ጂን) ጉድለት አንዳንዶች አብረውት የሚወለዱት ነው፤ እንዲህ ከሆነ ኩላሊት ላይም ራብዶይድ (ከኤቲአርቲ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ) ዕጢ ሊወጣ ስለሚችል የሆድ አልትራሳውንድ አይታለፍ።

መልስ 2
ጨረሩን እስከ 3 ዓመት ማቆየት አይመከርም፤ ይህ ዕጢ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ገና በሕክምናው የመጀመሪያ ወራት ነው። ኤሲኤንኤስ0333 በተባለው ጥናት 65 ሕፃናት ሁለት ዙር ኬሞቴራፒ፣ ከዚያ የራሳቸው ስቴም ሴል (ደም የሚሠሩ ሴሎች) እየተመለሰላቸው በከፍተኛ መጠን ሦስት ዙር ካርቦፕላቲንና ታዮቴፓ የተባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ወሰዱ፤ ጨረሩ በዕጢው ቦታ ላይ ብቻ ነበር። በ4 ዓመት በሕይወት የነበሩት 43 በመቶ፣ በሽታው ሳይመለስ የቆዩት 37 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ ያሳዝናል፤ ቢሆንም ከቀድሞው እጅግ የተሻለ ነው። ጨረሩ ከከፍተኛው ኬሞቴራፒ በፊት ይሁን በኋላ በሕይወት መቆየት ላይ ጉልህ ልዩነት ስላላመጣ፣ በዚህ ዕድሜ ከኬሞው በኋላ ቢደረግ እመርጣለሁ። መጠኑ 50.4 ግሬይ (የጨረር መለኪያ) ሲሆን በ28 ቀን ተከፋፍሎ በየቀኑ 1.8 ይሰጣል። መላ አንጎልና አከርካሪ ላይ የሚደረገው ግን በዚህ ዕድሜ አእምሮንም ቁመትንም ክፉኛ ይጎዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ኤምአርአይ በ72 ሰዓት ውስጥ ይነሳ፤ ከዚያ ካለፈ እብጠቱና ደሙ የቀረ ዕጢ ይመስላሉ። የወገብ ፈሳሹ በተቃራኒው ቢያንስ 10 ቀን ይጠበቅ፤ ቀድሞ ከተወሰደ በቀዶ ሕክምናው የተበተኑ ሴሎች ያሳስታሉ። የአንጎል ግፊት ካለ ጭራሽ አይወሰድ።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ሕፃኑ የአንጎሉን ፈሳሽ ወደ ሆዱ የሚያፈስ ሹንት (ቱቦ) አለው። ይህ ኬሞው ላይ ችግር ያመጣል?

መልስ 3
ከሜቶትሬክሴት (ከኬሞ መድኃኒቶቹ አንዱ) በፊት ሆዱ ውስጥ ፈሳሽ አለመጠራቀሙን በአልትራሳውንድ ያረጋግጡ። ካለ መድኃኒቱ እዚያ ይቀመጥና ቀስ እያለ ወደ ደም ይመለሳል፤ ያኔ ኩላሊትና የአፍ ቆዳ ይጎዳሉ። ኮትሪሞክሳዞልና አይቡፕሮፌንም መድኃኒቱ ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚያደርጉ አስቀድመው ይቁሙ።

በታዮቴፓ ጊዜ ደግሞ ቆዳውን ይጠብቁት። መድኃኒቱ በላብ ስለሚወጣ ብብት፣ አንገትና ዳይፐር የሚያርፍበት ቦታ ይቃጠላል። ከመጨረሻው መጠን በኋላ እስከ 48 ሰዓት ድረስ በቀን ቢያንስ ሁለቴ በውሃ ይታጠብ፣ አንሶላው በየቀኑ ይቀየር፣ ዳይፐሩ ቶሎ ቶሎ ይለወጥ። የማዕከላዊ ካቴተሩም ፋሻ እየተነሳ ከሥሩ ያለው ቆዳ ይጽዳ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።