አዲስ የተያዙት እየቀነሱ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ለምን ይጨምራል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ወረዳ የጤና መረጃ ሠራተኛ ነኝ። በዘንድሮው ሪፖርት በኤች አይ ቪ አዲስ የተያዙት ካለፈው ዓመት ያነሱ ሲሆን፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝባቸው ነዋሪዎች ግን ጨምረዋል። ሪፖርቱም «ከሁለቱ አንዱ ስሕተት ነው» ተብሎ ተመለሰልኝ። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉን?

መልስ 1፦
ይችላሉ። ኢንሲደንስ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ ገና ካልተያዙት ሰዎች መካከል ስንቱ አዲስ እንደተያዙ የሚለካ ሲሆን፣ ፕሪቫለንስ ግን ድሮም ይያዙ ዘንድሮ፣ በቆጠራው ዕለት በሽታው ያለባቸው ሰዎች ከጠቅላላው ሕዝብ ምን ያህሉ እንደሆኑ ያሳያል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በሽታው ሰው ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ለምሳሌ 10,000 ነዋሪ ባለበት ቀበሌ በዓመት 1,200 ጊዜ ተቅማጥ ቢከሰትና እያንዳንዱ 5 ቀን ቢቆይ፣ በአንድ ዕለት ቤት ለቤት ብንዞር የምናገኘው 16 ያህል ታማሚ ብቻ ነው። በዚያው ቀበሌ በዓመት 10 ሰው በኤች አይ ቪ ቢያዝና እያንዳንዱ ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ቢኖር ግን፣ ውሎ አድሮ 300 ሰው ይጠራቀማል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ዕድሜ ረዝሟል፤ የእናንተም ቁጥር የጨመረው የሚሞተው ሰው ስለቀነሰ ሊሆን ይችላል። ከሪፖርቱ ጋር የሞት መረጃም አብሮ መቅረብ ነበረበት።

መልስ 2፦
ማብራሪያው ትክክል ነው፤ ሆኖም አስቀድመው መዝገቡን ይመልከቱ። እኔ በሠራሁበት ጤና ጣቢያ ከሌላ ተቋም ተዛውረው የመጡ ሰዎች፣ የዝውውር ወረቀታቸው ካርዳቸው ውስጥ ታጥፎ እያለ፣ እንደ አዲስ ይመዘገቡ ነበር። ከዚህም በላይ ዘንድሮ ተመርምሮ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው የተያዘው ከ5 ዓመት በፊት ሊሆን ስለሚችል፣ የምርመራ ቁጥርን ኢንሲደንስ ብሎ መጥራት፣ ብዙዎቻችን የለመድነው ቢሆንም፣ አያስኬድም።

መልስ 3፦
ሁላችሁም ስለ ላዕሉ፣ ማለትም ስለ ታማሚዎቹ ቁጥር፣ ስትጽፉ ታሕቱን፣ ማለትም የሚካፈልበትን የሕዝብ ብዛት፣ ረስታችኋል። የወረዳው የሕዝብ ብዛት በ1999 ዓ.ም. ከተደረገው ቆጠራ ተነሥቶ በትንበያ የተሰላ ከሆነ፣ በቅርቡ ለሥራ የገቡ ሰዎች ሲታመሙ ከላይ ይቆጠራሉ፤ ከታች ግን የሉበትም። ያን ጊዜ በሽታው ሳይስፋፋ ምጣኔው ከፍ ይላል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ሳገላብጥ «አዲስ» ተብለው ከሰፈሩት 23 ሰዎች መካከል 6ቱ የዝውውር ወረቀት እንዳላቸው አየሁ። እነሱን አውጥቼ፣ የዓምዱንም ርእስ «በዓመቱ ተመርምረው ቫይረሱ የተገኘባቸው» ብዬ ለውጬ፣ ሪፖርቱን ሰኞ እልካለሁ።