ቤንዚን ሲወደድ ተጠያቂው መሪው ነው ወይስ የዓለም ገበያ?

ባለባጃጁ፣ አዳማ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ ከፍራንኮ እስከ መብራት ኃይል ባጃጅ እየነዳሁ ቤተሰብ የማስተዳድር ሰው ነኝ። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ከባለቤቴ ወንድም ጋር የጀመርነው ክርክር ስላልተቋጨ ወደ እናንተ ይዤው መጥቻለሁ። እርሱ፣ ነዳጅ ከውጭ የሚገዛ ዕቃ ስለሆነ ዋጋውን የሚቆርጠው ዓለም ነው፣ በዚህ መሪን ማማረር ዝናብ ቀረ ብሎ ሹምን እንደ መክሰስ ነው ይላል። እኔ ግን በሰኔ 2014 መጨረሻ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲገባ «ከዚህ ወዲያማ አይጨምርም» ማለቴን አልረሳሁም፤ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ዓለሙ ሁሉ እጥፍ ተወደደ ማለት ነው?

በታሪፉ የማገኘውም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ፣ ባጃጇን በእጄ እየገፋሁ ወረፋ ይዤ ነው። ከጅቡቲ የሚመጡት ቦቴዎች በከተማችን ሲያልፉ በዓይኔ እያየሁ ማደያው «አልቋል» ይለኛል፤ ከማደያው አጥር ጀርባ ደግሞ በሁለት ሊትር ሃይላንድ ተሞልቶ፣ አፉ በፌስታል ታስሮ በእጥፍ ዋጋ ይሸጣል። ታዲያ ማንን ልውቀስ?

መምህሩ

ወንድሜ፣ ክርክራችሁ ያልተቋጨው ሁለት ዋጋዎችን በአንድ ስም ስለምትጠሯቸው ይመስለኛል። አንደኛው በዶላር የሚነገረው የዓለም ዋጋ ሲሆን፣ በእርሱ ላይ የኢትዮጵያ መሪ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አንዳች ሥልጣን የለውም። በሚያዝያ 2012 ኮሮና ዓለምን ቤት ባስቀመጠ ጊዜ የአሜሪካ ድፍድፍ ዘይት ለአንድ ቀን ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ደግሞ በርሜሉ ከ120 ዶላር በላይ ወጣ። ሁለቱንም እኛ አላመጣናቸውም።

ሁለተኛው አንተ በብር የምትከፍለው ነው፤ እዚህ ላይ የመንግሥት እጅ አለበት። እስቲ እናስላው። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። በርሜሉን በ80 ዶላር ብንገዛው፣ የማጣሪያ፣ የማጓጓዣና የታክስ ወጪ ሳይታከልበት፣ የሊትሩ ድፍድፍ ግማሽ ዶላር ገደማ ይደርሳል። ዶላሩ በ57 ብር ሲመነዘር ይህ 29 ብር አይሞላም፤ በ120 ብር ሲመነዘር ግን 60 ብር ያልፋል። በዓለም ገበያ አንዲት ሳንቲም ሳትጨመር ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ የሆነው ይኸው ነው፤ በእነዚያ ወራት የዓለም የድፍድፍ ዋጋ እንዲያውም ዝቅ ብሎ ነበር።

ውሳኔው ስሕተት ነበር ብዬ አልፈርድም። የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ የዓመታት ጥርቅም ነበር፤ የዓለም ገንዘብ ድርጅት የፈቀደው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድርም ከዚሁ ለውጥ ጋር የተያያዘ ነው። የማደያው ዋጋም እንደ ምንዛሪው በአንድ ጊዜ እጥፍ ያልሆነው መንግሥት ልዩነቱን በከፊል ስለተሸከመ ነው፤ ፍትሐዊ ለመሆን ይህም መነገር አለበት። መሸከሙም፣ ሸክሙን ቀስ በቀስ ወደ አንተ ማውረዱም ግን ሁለቱም ውሳኔዎች ናቸው፤ ውሳኔ ደግሞ ባለቤት አለው። እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንዱ ነው። የተቋቋመው ዓለም ሲረክስ ተቀምጦለት ሲወደድ እንዲያካክስ ነበር፤ ነገር ግን ዕዳ ተሸካሚ ሆኖ ቀረ። በርካሹ ዘመን ያልተቀመጠ ገንዘብ በውዱ ዘመን ከየት ይመጣል? መሪ መጠየቅ ካለበት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በዚህ ነው።

ጡረታ የወጣሁ የቦቴ ሾፌር

የመምህሩን ስሌት አልነካም፤ ስለ ወረፋው ግን ከእርሳቸው ይልቅ እኔ ሳላውቅ አልቀርም። ቦቴ ተጭኖ ሲታሸግ ወዴት እንደሚራገፍ በወረቀቱ ላይ ተጽፏል። በታሪፉና በጥቁር ገበያው መካከል ያለው ልዩነት በሰፋ ቁጥር ያ ወረቀት እየረከሰ ይሄዳል፤ ሌሊት መንገድ የሚስት ቦቴም፣ ለጀሪካን የሚቀዳ ማደያም ይኖራል። ይህን የፈጠረው የዓለም ገበያ አይደለም፤ ጠቅላይ ሚኒስትርም ሌሊት በየማደያው ሊቆም አይችልም። የሚጠየቀው የቅርቡ ሹም ነው፤ ግን ስሙን ማንም አያነሣውም። ድሮ የራሳችን ማጣሪያ ነበረን እያሉ ለሚቆጩም፣ አሰብ ላይ ይጣራ የነበረው ድፍድፍ ራሱ በዶላር ተገዝቶ በመርከብ የሚመጣ ነበር።

የ66ቱ ተማሪ

ልጆቼ፣ ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በ1966 መባቻ በዓረቦችና በእስራኤል መካከል ጦርነት ተነሥቶ የበርሜል ዋጋ ከሦስት ዶላር ገደማ ወደ ዐሥራ ሁለት ሲጠጋ፣ ያን ያመጡት ጃንሆይ አልነበሩም። ሆኖም በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመው የተነሡት በእርሳቸው መንግሥት ላይ ነው፤ ሌላ ማንን ያገኙ ነበር? የቤንዚኑ ዋጋ ጥቂት እንዲቀንስ ተደረገ፤ ያም አላዳነም፤ የጸሓፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በዚያው ወር ወረደ።

ታዲያ ካቢኔውን ቤንዚን ብቻውን አወረደው የሚል ካለ ተሳስቷል። የወሎ ረኃብ ለወራት ተሸፋፍኖ ከርሟል፤ መምህራኑም ወታደሩም የየራሳቸው ብሶት ነበራቸው። ሰው የዋጋ ጭማሪን እያጉረመረመም ቢሆን ይችለዋል። ሲደበቅበትና ሲዋሽበት ግን ከሩቅ የመጣውን ችግር ሁሉ በደጁ ባገኘው ሹም ላይ ይጭነዋል። በሚዛን ቢታይ ግፍ ሊሆን ይችላል፤ እኔም በዚያን ጊዜ ከሰልፈኞቹ ጋር ድንጋይ ይዤ ነበርና ዳኛ ልሆን አልችልም።

ባለባጃጁ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመምህሩን ስሌት በወረቀት ገልብጬ ለባለቤቴ ወንድም አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ «በ57 ብር ዶላር ከባንክ ያገኘ ሰው ታውቃለህ?» ሲል ጠየቀኝ፤ መልስ አጣሁለት። መምህር፣ በዚህ ላይ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል። ዛሬ ሌሊት ቦቴ ይገባል ስለተባለ ወረፋ ልይዝ ነው፤ የሚጽፉልኝን እዚያው ሆኜ አነበዋለሁ።