የካርታ ክለብ ግብር የሚበላ ከተማ ክለቡን መቆጣጠር ይችላል? (ክርክር)

ጥያቄውን ያነሳው፦
ካሊፎርኒያ ለምትኖሩ ነው። ፈቃድ ያለው የካርታ ክለብ (ሰዎች በገንዘብ ካርታ የሚጫወቱበት ቤት) የሚገኝበት ከተማ ክለቡን በእውነት ሊቆጣጠር ይችላል? እኔ ይከብዳል ባይ ነኝ። ምክንያቴ ግብሩ ነው። ሃዋይያን ጋርደንስን ተመልከቱ። ትንሽ ከተማ ናት፤ ከመደበኛ በጀቷ ከግማሽ በላይ የሚገባው ከአንድ ክለብ ነው። በሩ ለአንድ ወር ቢታሸግ ፖሊስ በምን ይከፈላል? ታዲያ ማን ደፍሮ ያሽገዋል?

ካርታ አዳይ የነበረው፦
ሰባት ዓመት ካርታ በውዣለሁ፣ አድያለሁ። እንደምታስበው አይደለም። በስቴቱ ሕግ ክለቡ ራሱ ከተጫዋቹ ጋር መወራረድ አይችልም። ተጫዋቾች እርስ በርስ ነው የሚጫወቱት። ክለቡ በየዙሩ ክፍያ ይወስዳል። ክፍያውም ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የታወቀ መሆን አለበት፤ ተጫዋቾቹ ለውርርድ ከመደቡት ገንዘብ ላይ በመቶኛ ማስላት ክልክል ነው። ስለዚህ ማን እንደበላ፣ ማን እንደተበላ ለክለቡ ጉዳዩ አይደለም። ይዘጋ ካልክ ጨዋታው ጋራዥ ውስጥ ይገባል። እዚያ ካሜራ የለም። 21 ዓመት ያልሞላውንም በር ላይ የሚመልሰው የለም።

ጥያቄውን ያነሳው፦
ወንድሜ፣ ይዘጋ አላልኩም። ግን ራስህ ያልከውን እንየው። ክለቡ በየዙሩ የሚከፈለው ከሆነ ትልቁ ፍርሃቱ ባዶ ወንበር ነው። የተበላ ሰው ተነስቶ ቤቱ ሲሄድ ገቢው ይቀንሳል። አራጣ አበዳሪ የሚመጣው በዚህች ቀዳዳ ነው። ሳን ብሩኖ የሆነውን አስታውስ። በ2011 እዚያ ባለው አርቲቾክ ጆስ በተባለው ክለብ ውስጥ አራጣ ሲያበድሩ ነበር በተባሉ ሰዎች ላይ የፌዴራል ክስ ተመሠረተ። በ2017 ደግሞ የአሜሪካ ግምጃ ቤት የገንዘብ ወንጀል መከላከያ ክፍል ክለቡን 8 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። በኋላ ወደ 5 ሚሊዮን ዝቅ ብሏል። አራጣው በድብቅ ጥግ አልነበረም። ሠራተኞች እያወቁ፣ በክለቡ ቺፕ (በጥሬ ገንዘብ ምትክ በሚጫወቱበት ምልክት) ነበር።

አንዲት እህት፦
እኔ ሕጉን አላውቅም፤ የማውቀው ወንድሜን ነው። ደሞዙን ተበልቶ ሊወጣ ሲል አንድ ሰው ቺፕ አስያዘው። በሳምንቱ ወለዱን ሊቀበል ሥራ ቦታው ድረስ መጣ። የክለቡን ስም አልጠራም። ግን አዳዩ አይቷል፣ ተቆጣጣሪውም አይቷል። እናታችን የመቀበሪያዬ ያለችውን ገንዘብ አውጥታ ከፈለች። ስለ ጋራዥ ስታወሩ ይገርመኛል። ወንድሜ የተያዘው ካሜራ ባለበት ቤት ነው።

የበጀት ሰው፦
እህቴ፣ አይዞሽ። ነገሩ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ጋርዲና የምትባለው ከተማ ክለብ ከፈቀደችበት ከ1936 ጀምሮ ከተሞች ይህን ገንዘብ ለምደዋል። አንድ ነገር ልጨምር። በ2023 የወጣ ሕግ አዲስ ክለብ እንዳይከፈት እስከ 2043 አግዷል። ይህ ሁለቱንም ወገን ያስራል። ክለቡ ፈቃዱን ከተነጠቀ መልሶ አያገኘውም። ከተማውም ያንን ግብር የሚተካ ሌላ ክለብ አያገኝም። ለዚህ ነው ከተሞች ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ የሚቀሩት። ቅጣቱ እጅግ ከባድ ስለሆነ አይነካም።

ጥያቄውን ያነሳው፦
ይሄ ነው ዋናው ነጥብ! እንግዲያውስ መካከለኛ ቅጣት ያስፈልገናል። በር ሳይሆን ጠረጴዛ ይታሸግ። አራጣ ሲሰጥ አይተው ዝም ካሉ፣ ለአንድ ወር አምስት ጠረጴዛ። ከደገሙ አሥር። ከተማው ግብሩን በሙሉ አያጣም፤ ስለዚህ ለመቅጣት አይፈራም። ክለቡ ግን በየዙሩ የሚያገኘውን ስለሚያጣ ያመዋል። የፓርኪንጉ ቦታም በደንቡ ይካተት፤ ብዙው ብድር የሚጨረሰው እዚያ ነው።

ካርታ አዳይ የነበረው፦
በዚህኛው ልስማማ እችላለሁ። እህቴ ያለችውም እውነት ነው፤ እኔም አይቼ ዝም ያልኩበት ቀን አለ፤ ሥራዬን ፈርቼ። ግን ጠረጴዛ ሲታሸግ መጀመሪያ ቤቱ የሚላከው አዳዩ ነው። አብዛኛው ገቢያችን ጉርሻ ነው። እንዲህ ከሆነ ማን አፉን ከፍቶ ይጠቁማል?

ጥያቄውን ያነሳው፦
ልክ ነህ፣ አላሰብኩትም ነበር። እንግዲያው የታሸገው ጠረጴዛ አዳይ ደሞዙን ከነአማካይ ጉርሻው ክለቡ ይክፈለው። የጠቆመውን ማባረርም ራሱን የቻለ ጥፋት ይሁን። ይህን አስገብቼ ለከተማው ምክር ቤት ደብዳቤ አረቅቃለሁ። እህቴ ከፈቀደች የወንድሟን ታሪክ ያለ ስም እጨምራለሁ።

አንዲት እህት፦
ጨምረው። እናቴም ትፈርማለች።