ደም ማቅጠኛ እየወሰድኩ ለምጥ ህመም ምን ይሰጠኛል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ 37 ሳምንት ሞልቶኛል። ደም እንዳይረጋ በየቀኑ ማታ ኢኖክሳፓሪን 40 ሚሊግራም እወጋለሁ። ኤፒዱራል (ጀርባ ላይ የሚሰጠውን የምጥ ማደንዘዣ) እፈልግ ነበር። የደም ማቅጠኛው መርፌ ይከለክለኛል? የማህፀን በር ስንት ሴንቲሜትር ሲከፈት ነው «አልፎሻል» የሚባለው? ወገብ ያበላሻል የሚሉትስ እውነት ነው? ካልሆነልኝ ምን ይተካዋል?

የማደንዘዣ ባለሙያ፦ እህቴ፣ ለአንቺ ከሴንቲሜትሩ ይልቅ የመርፌሽ ሰዓት ይበልጣል። ባልሽው መጠን ኤፒዱራል ከመሰጠቱ በፊት ካለፈው መርፌ 12 ሰዓታት ማለፍ አለባቸው፤ መጠኑ ለሕክምና የሚሰጠው ከፍተኛው ቢሆን ኖሮ 24 ይሆን ነበር። አለዚያ አከርካሪው ውስጥ ደም ተቋጥሮ ነርቭ ሊጫን ይችላል። ስለዚህ ምጥ የመሰለ ነገር ከጀመረሽ ቀጣዩን መርፌ ሳትወጊ ደውይ፤ የመጨረሻውን የወጋሽበትንም ሰዓት ጽፈሽ ያዢ።

ቁርጥ ያለ ሴንቲሜትር የለም። ምጡ ከተረጋገጠ 3 ላይም 8 ላይም ይሰጣል። ጥያቄው ጀርባሽን አጉብጠሽ ሳትንቀሳቀሺ መቆየት ትችያለሽ ወይ፣ ጊዜስ አለ ወይ ነው፦ መድኃኒቱ የሚፈስበትን ቱቦ ጀርባሽ ውስጥ ማስገባት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ መድኃኒቱ እስኪይዝ ሌላ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ቁርጠቱ ሲመጣ ተናገሪ፣ እስኪያልፍ ይጠብቁሻል። መርፌው ይወጣል፤ ጀርባሽ ላይ የሚቀረው ቀጭን ቱቦ ብቻ ነው። መጀመሪያ ትንሽ የሙከራ መጠን ይሰጥሻል። ያኔ ጆሮሽ ቢጮህ፣ አፍሽ ብረት ብረት ቢል፣ ልብሽ ቢደልቅ ወይም እግሮችሽ ወዲያው ቢከብዱ ዝም አትበይ፤ ቱቦው ደም ሥር ውስጥ ወይም ከሚፈለገው በላይ ጠልቆ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጎንሽ ብቻ ከደነዘዘ ቱቦው ትንሽ ወደ ውጭ ይሳባል። የደም ግፊትሽ ከወረደ በጎንሽ ያስተኙሻል፣ ፈሳሽና መድኃኒት ይሰጡሻል። ከ100 እናቶች አንዷን ገደማ ስትቀመጥ የሚብስ፣ ስትተኛ የሚቀል ራስ ምታት ይይዛታል፤ መድኃኒት አለውና አትሸከሚው። የተወጋሽበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ያማል እንጂ ዘላቂ የወገብ ህመም አያመጣም።

አዋላጅ፦ ሰዓቱ ካልሞላልሽ ጋዝ አለ፤ ግማሹ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ግማሹ ኦክሲጅን። ለመሥራት ግማሽ ደቂቃ ያህል ስለሚፈልግ ቁርጠቱ ሲነሳ ወዲያው መሳብ ጀምሪ፤ ጫፍ ላይ ከደረሰ በኋላ ብትጀምሪ የሚጠቅምሽ ቁርጠቱ ካለፈ በኋላ ነው። ጭምብሉን ራስሽ ያዢው። ባለቤትሽ ለመርዳት ብሎ አይያዝልሽ፤ ስትፈዢ እጅሽ ወድቆ ጋዙ የሚቋረጠው አንቺ ስትይዢው ብቻ ነው።

ፔቲዲን የሚባል የህመም ማስታገሻም አለ፤ ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ጡንቻ ላይ ይወጋል፣ በ20 ደቂቃ ይጀምራል፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓታት ይቆያል። ያስታግሳል እንጂ ህመሙን አያጠፋውም፣ ያቅለሸልሻልም። መውለጃው ሲቃረብ ከተሰጠ ልጁ ደንዝዞ ሊወለድ፣ ትንፋሹም ሊደክም ይችላል። ጡንቻ ላይ መርፌ ሊሰጡሽ ሲሉ ደም ማቅጠኛ እንደምትወስጂ አስታውሻቸው።

ምጡ ወገብሽ ላይ ከሆነ ባለቤትሽ የመዳፉን ሥር ከጅራት አጥንትሽ ከፍ ብሎ ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ ያድርግና ቁርጠቱ እስኪያልፍ ይጫን። ማሸት የለበትም፣ ይጫን ብቻ። በእጅና ጉልበት መንበርከክም የልጁን ክብደት ከጀርባ ያነሳል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፔቲዲን ወስጄ ሙቅ ውሃ ውስጥ መግባት እችላለሁ?

አዋላጅ፦ ከተወጋሽ 2 ሰዓታት ሳይሞሉ አይሆንም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለሽም እንደዚያው። ውሃው ከ37.5 ዲግሪ አይብለጥ፣ በየሰዓቱ ይለካ።

የማህፀን ሐኪም፦ አንድ ልጨምር። ኤፒዱራል ቀዶ ጥገናን አያበዛም፤ የመግፊያውን ጊዜ ግን ሊያራዝም ይችላል። ሽንትሽ መሙላቱም አይታወቅሽም፣ ስለዚህ በየጊዜው ይወጣልሽ። ከወለድሽ በኋላ ደግሞ ቱቦው ከተነቀለ 4 ሰዓታት ሳያልፉ ኢኖክሳፓሪኑን እንዳትጀምሪ። የተነቀለበትን ሰዓትም ወረቀትሽ ላይ አስጽፊው።