የእናቴ ዊልቸር ፍሬኑ አልይዝ አለ፣ እባካችሁ ቶሎ!

ጠያቂዋ (ደብረ ብርሃን)፦ እናቴን ስትሮክ ከመታት ሁለት ዓመት ሆነ፣ ግራ ጎኗ አይታዘዝም። ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ሳሻግራት ፍሬኑን ይዤው ነበር፣ ወንበሩ ግን ወደ ኋላ ሸሸ። በጉልበቴ ባልደግፋት ኖሮ ሲሚንቶው ላይ ወድቃ ነበር። ከሰዓት ሥራ እገባለሁ፣ አብራት የምትሆነው የ14 ዓመት የእህቴ ልጅ ናት። ፍሬን ብቻውን የሚሸጥ የት አለ?

ከደብረ ሲና፦ አይዞሽ እህቴ። ብየዳ ቤት ውሰጂው፣ ወዲያው ይሠሩልሻል።

ከዓለም ከተማ፦ ብየዳ ቤት ውሰጂው። የአባባን እንደዚያው አደረግን።

በያጁ (ሸዋ ሮቢት)፦ እኔ ሥራዬ ነው፣ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የወንበሩ ቧንቧ ላይ ማግኔት አስጠጊበት። ካልያዘው አልሙኒየም ሊሆን ይችላል፣ በተራ ብየዳ ቧንቧው ቀልጦ ይበሳል።

ከመሐል ሜዳ፦ እማማን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ አታስቀምጧት። ማታ ማታ መቀመጫዋን እዩት። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፣ ስለዚህ በእጅሽ ዳብሺው። ከሌላው ቦታ የሞቀ ወይም የጠጠረ ካገኘሽ ቁስል እየጀመረ ነውና በዚያ ጎን አታስተኟት፣ ለሐኪምም አሳዩ። አክስቴን ያሰቃያት እሱ ነው።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ፍሬኑስ?

ከጫጫ፦ ፍሬኑ ተበላሽቷል ያለሽ ማነው? የዊልቸር ፍሬን እኮ ጎማው ላይ ተጭኖ ነው የሚይዘው። ጎማው ከላላ የሚጫነው ነገር የለም። የሚነፋ ነው ወይስ ደረቅ? በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊው።

ጠያቂዋ፦ የሚነፋ ነው። የግራው ገባ ይላል። ፍሬኑም ራሱ ይነቃነቃል።

ከጫጫ፦ እንግዲያው ሁለቱም ነው። መጀመሪያ ነፋስ አስሞሊ፤ መጠኑ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፣ ጎሚስታው ከዚያ አያሳልፍ። ከዚያ ፍሬኑ የታሰረበትን ብሎን አላልተሽ ወደ ጎማው ጥቂት አስጠጊና ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው። ቁልፉ ብስክሌት ጠጋኝ ጋ አይጠፋም። ጎማ መቀየር ካለብሽ ደግሞ ቁጥሩን ሳታነቢ አትግዢ። የብዙዎቹ ዊልቸሮች ባለ 24 ኢንች ጎማ ጎኑ ላይ 540 ይላል፣ የተራራ ብስክሌት ባለ 24 ኢንች ግን 507 ነው፣ አይገጥምም።

ከአንኮበር፦ በዚህ ውርጭ ጎማውስ ምን ያድርግ፣ ብርድ ነፋሱን ያሳንሰዋል፣ እኛንም አጨማዶናል! እስኪሠራ ግን የወንበሩን ጀርባ ከግድግዳ አስጠጊና ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አድርጊ። ወንበሩ በደህናው በቀኝ ጎኗ በኩል ይቁም። የታመመውን ክንዷን እንዳትስቢ፣ ትከሻዋ ይጎዳል። ወገቧ ላይ መቀነት ጠበቅ አድርገሽ እሰሪና እሱን ያዢ። ልጅቷ ብቻዋን እንዳታነሳት አደራ።

ከደብረ ሲና፦ ለማንኛውም ብየዳ ቤቱን ጠይቂ።

በያጁ (ሸዋ ሮቢት)፦ ወንድሜ፣ ተው እንጂ!

ከጫጫ፦ እህቴ፣ ነፋሱን አስሞላሽ? አሁንም ይሸሻል?

ከመሐል ሜዳ፦ እኔም እየጠበቅሁ ነው። እማማ ደህና ናቸው?