ለኤልክም ለአጋዘንም የሚሆን መካከለኛ ዋጋ ያለው ጠመንጃ የቱን ልግዛ? (ኮሎራዶ)

አውሮራ_ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አደን ልወጣ ነው፣ የሀንተር ኤዱኬሽን ኮርሱን ጨርሻለሁ፣ ግሪን ካርድም ስላለኝ በመግዛቱ በኩል ችግር የለም። በጀቴ ስኮፑን (የማነጣጠሪያ መነፅሩን) ጨምሮ 1,200 ዶላር አካባቢ ነው። ሱቅ ስገባ አንዱ ቲካ ይለኛል፣ አንዱ ሩገር፣ ሌላው ደግሞ ማግነም (ባሩዱ የበዛ ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ) ካልያዝክ ኤልክ (ግዙፉ የአጋዘን ዘር) አይወድቅልህም ይለኛል፣ ግራ ገባኝ። መግዛት የምችለው አንድ ብቻ ነው፣ ለሚዩል ዲር አጋዘንም ለኤልክም የሚሆን። የያዛችሁትን ንገሩኝ እባካችሁ።

ባለተራራው፦
ማግነሙን እርሳው ወንድሜ። ጀማሪ በማግነም ሲለማመድ ገና ሳይተኩስ ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል፣ ቃታውን ቀስ ብሎ መሳብ ትቶ ይመነጭቀዋል፣ ያንን አመል ማስተው ደግሞ መከራ ነው። የኮሎራዶ ህግ ለኤልክ የሚጠይቀው ቢያንስ .24 ካሊበር (ውፍረቱ በኢንች) እና 85 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ) የሆነ ጥይት ነው፣ .308 ከዛ በብዙ ይበልጣል፣ ከ1952 ጀምሮ ያለ ስለሆነ ደግሞ ጥይቱን ትንሽ ከተማ ውስጥም አታጣውም። 165 ግሬን ያዝለት። ትከሻህ ላይ ቀለል እንዲልህ ከፈለክ 6.5 ክሪድሞር የሚባል ጥይት አለ፣ አጋዘን ላይ አንደኛ ነው፣ ኤልክም ይጥላል ግን ቀረብ ብለህ፣ ጎኑን ሲሰጥህ ብቻ፣ ከፊት እግሩ ጀርባ ሳንባው ላይ።

ከጠመንጃ ቲካ ቲ3ኤክስ ላይትን ነው የምመክርህ፣ ፊንላንድ ሳኮ ፋብሪካ የሚሰራው ነው። ቦልቱ (ጥይት ለማጉረስ በእጅ የሚሳበው መዝጊያ) ቅቤ እንደተቀባ ይንሸራተታል፣ ቃታውም ጥርት ያለ ነው። ያለ ስኮፕ 3 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ 10 ሺህ ጫማ ላይ ስትወጣ ስትወርድ ትመርቀኛለህ። ግን ቀላል ጠመንጃ ትከሻ ላይ እንደሚበረታ እወቅ።

ማርዳ፦
ቲካ ጥሩ ነው አልክድም ግን በ1,200 ቲካ ገዝቶ ለስኮፕ ምን ሊተርፈው ነው? ስኮፑን የሚይዙት ቀለበቶች አሉ፣ ታክስ አለ፣ ጥይት አለ። ኤልክ የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ሊመሽ ሲል ነው፣ ያኔ ርካሽ ስኮፕ ጭልም ይልብሃል። እኔ ብሆን ሩገር አሜሪካን ወይ ሳቬጅ 110 ገዝቼ የተረፈውን ሉፖልድ ወይ ቮርቴክስ 3-9×40 ስኮፕ (ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያቀርብ) ላይና ጥይት ላይ ነው የማደርገው። ቁመትህ እንደኔ አጠር ያለ ከሆነ ደግሞ ሰደፉ የሚረዝም የሚያጥር የሳቬጅ 110 ሞዴል አለ፣ እሱን ጠይቅ።

ሱቅ ስትሄድ የአደን ጃኬትህን ለብሰህ ሂድ። ባዶ መሆኑን አረጋግጥና ዓይንህን ጨፍነህ ትከሻህ ላይ አድርገው፣ ከዛ ግለጥ። አንገትህን ሳታንጠራራ ስኮፑ ውስጥ ሙሉ ክብ ካየህ ልክህ ነው፣ ዳር ዳሩ ጥቁር ጥላ ካለ ወይ ስኮፑ ይነሳል ይወርዳል ወይ ጠመንጃው ያንተ አይደለም።

ጋሼ_ቨርጂኒያ፦
ልጆች ጥሩ እየመከራችሁት ነው። አገር ቤት አባቶቻችን የሚያከብሩት ቤልጅግ ማውዘር ነው፣ ዛሬ ሱቅ የምታዩዋቸው ቦልት አክሽኖች አብዛኞቹ የሱ ዘር ናቸው፣ ስለዚህ ቀላሉንና የተፈተነውን ያዝ ልጄ። ሌላ ስቴት ያላችሁ ደግሞ ሳትገዙ በፊት ህጉን እዩ፣ እኛ ጋ አጋዘን በሪፍል መምታት የማይፈቀድባቸው ካውንቲዎች አሉ፣ ሾትጋን ብቻ ነው። ሰው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው የሚሰማው፣ ያሳዝናል።

አውሮራ_ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እናንተንም አመሰግናለሁ። እንግዲህ ሳቬጅ 110 በ.308 ልል ነው፣ ማርዳ እንዳልሽው እኔም አጭር ነኝ። ስኮፑን ስንት ያርድ ላይ ላስተካክለው?

ባለተራራው፦
ጥሩ መርጠሃል። 100 ያርድ ላይ ከመሀል 2 ኢንች ከፍ ብሎ እንዲመታ አድርገው፣ 200 ላይ መሀል ይገባልሃል። ኮሎራዶ ከ2023 ጀምሮ ገዝተህ ሶስት ቀን ስለምትጠብቅ ለሲዝኑ ዋዜማ አታቆየው። ጠረጴዛ ላይ ደግፈህ ብቻ አትለማመድ፣ ተራራ ላይ ጠረጴዛ የለም፣ ተቀምጠህም ተንበርክከህም ተኩስ፣ ተንበርክከህ የማትመታበት ርቀት ላይ ያለ ኤልክ ላይ አትተኩስ፣ ቆስሎ ይሄድብሃል። ደማቅ ብርቱካናማ ወይ ደማቅ ሮዝ ሰደርያና ኮፍያ ግዴታ ነው፣ መኪና ውስጥ ደግሞ ጥይት የጠመንጃው ጉሮሮ ውስጥ እንዳይኖር።