1/2 + 1/3 = 2/5 የሚል የ5ኛ ክፍል ልጅ፦ በቤት ከየት እንጀምር?

የሚኪ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ሙሉ ቁጥር ላይ ችግር የለበትም፤ ክፍልፋይ ላይ ሲደርስ ግን ይደናበራል። 1/2 + 1/3 ብዬ ስሰጠው 2/5 ብሎ ይጽፋል። 1/8 ከ1/6 ይበልጣል ይላል፤ ለምን ሲባል «8 ከ6 ስለሚበልጥ»። ማባዛቱን ግን በትክክል ይሠራዋል፤ ግራ ያጋባኝም እሱ ነው። የጋራ ታህት (ታህት ከሥር የሚጻፈው ቁጥር ነው) ፈልግ እያልኩ ሕጉን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ ያን ዕለት ይሠራዋል፣ በማግስቱ ይጠፋበታል። ማታ ማታ 20 ደቂቃ ያህል አብሬው መቀመጥ እችላለሁ። ተጨማሪ የመልመጃ መጽሐፍ ልግዛለት ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

ጠመኔ
መጽሐፉን ለጊዜው ይተዉት። በተሳሳተ መንገድ 50 ጥያቄ ቢሠራ የሚጠነክረው ስህተቱ ነው።

ማባዛት ተሳካለት ማለት ክፍልፋይ ገባው ማለት አይደለም። ሲያባዛ ላዕሉን (ከላይ የሚጻፈውን ቁጥር) በላዕል፣ ታህቱን በታህት ነው የሚያባዛው። ስለዚህ 3/4ን እንደ አንድ ቁጥር ሳይሆን ከላይና ከታች እንደተጻፉ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች የሚያይ ልጅም መልሱን ያገኛል። ድምር ላይ ሲደርስ ይጋለጣል።

ዛሬ ማታ ሳያርሙትና ሳይቆጡት ሦስት ነገር ይጠይቁት።

አንደኛ፦ ከ3/5 እና ከ3/7 የትኛው ይበልጣል? ከመልሱ ይልቅ ምክንያቱን ያዳምጡ።

ሁለተኛ፦ ከ0 እስከ 2 መስመር ያስምሩና መሐሉ ላይ 1ን ይጻፉ፤ ከዚያ 3/4ን እንዲያስቀምጥ ያድርጉት። ብዙ ልጆች የመስመሩን ሦስት አራተኛ ወስደው 1 1/2 ላይ ያስቀምጡታል። ይህ ከሆነ ክፍልፋይን «ከተሰጠኝ ነገር የተወሰደ ቁራጭ» አድርጎ ነው የሚያየው፤ በቁጥር መስመር ላይ የራሱ ቦታ ያለው ቁጥር መሆኑ አልገባውም።

ሦስተኛ፦ 12/13 + 7/8 ሳይሠራ በግምት ለ1፣ ለ2፣ ለ19 ወይስ ለ21 ይቀርባል? ይቺ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ አገር አቀፍ ምዘና ላይ ቀርባ 2 ብለው የመለሱት የ13 ዓመት ልጆች 24 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 19 ወይም 21ን ነው የመረጡት። ስለዚህ ልጅዎ ቢሳሳት አይደንግጡ።

ገበታ
እኔ የምጨምረው መሣሪያውን ነው። ክብ እየሳላችሁ አታስተምሩት። ክብን ለሦስትና ለአምስት እኩል መክፈል ለትልቅ ሰውም ያስቸግራል፤ ልጁ እኩል ያልሆኑ ቁራጮች ይስልና ከራሱ ሥዕል የተሳሳተ መልስ ያነብባል። የወረቀት ቁራጭ ይሻላል።

አንድ ኤ4 ወረቀት ወርዱ 21 ሴ.ሜ ነው። እያንዳንዳቸው 3 ሴ.ሜ ወርድና 24 ሴ.ሜ ርዝመት ያላቸው 7 ዘንጎች በልኩ ይወጡበታል፤ ከቁመቱ የሚተርፈውን ይጣሉት። 24ን የመረጥኩት ለ2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 8 እና 12 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ነው። አንዱን ዘንግ ሳይቆርጡ «1» ብለው ይተዉት። የቀሩትን እንዲህ ይቁረጡ፦ ግማሽ 12 ሴ.ሜ፣ ሲሶ 8፣ ሩብ 6፣ አንድ ስድስተኛ 4፣ አንድ ስምንተኛ 3፣ አንድ አሥራ ሁለተኛ 2 ሴ.ሜ። እያንዳንዱን ዓይነት በየራሱ ቀለም ይቅቡት። ቁራጩ ላይ 1/6 ብለው ይጻፉ እንጂ ሴንቲ ሜትሩን አይጻፉ፤ ከጻፉት ልጁ 12 + 8 = 20 ብሎ ነገሩን ወደ ሙሉ ቁጥር ይመልሰዋል።

አሁን 1/2 እና 1/3ን ጫፍ ለጫፍ ከሙሉው ዘንግ ሥር ያስደርድሩት። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ «ሁለቱንም ሳይተርፍና ሳይጎድል የሚሸፍነው የትኛው ዓይነት ቁራጭ ነው?» ሩብ ይሞክራል፣ ሲሶው ላይ አይገጥምም። ስምንተኛም እንደዚያው። ስድስተኛ ይገጥማል፦ ለግማሹ 3፣ ለሲሶው 2፣ በድምሩ 5/6። አሥራ ሁለተኛም ይገጥማል፣ 10/12። ሁለቱንም ያግኝ፤ የጋራ ታህት ብዙ ሊሆን እንደሚችልና ትንሹ ለምን እንደሚመረጥ እዚያው ያየዋል። ከዚያ 3/8 + 1/4፣ 1/4 + 1/6፣ 2/3 + 1/2 (ይሄኛው ከሙሉው አልፎ ይወጣል)። መጨረሻ ላይ 1/8 + 1/6 ይስጡት። ካሉት ቁራጮች ሁለቱንም የሚሸፍን የለም፤ የ1 ሴ.ሜ አዲስ ቁራጭ፣ ማለትም 1/24 መቁረጥ ግድ ይለዋል። እኔ ከሁሉም ይቺን እወዳታለሁ፤ የጋራ ታህት ተፈልጎ የሚሠራ ነገር መሆኑ የሚገባው እዚህ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ 24 ለ5 ስለማይካፈል ለአምስተኛና ለአሥረኛ የ20 ሴ.ሜ ዘንግ ለብቻው ይሥሩ፣ በሌላ ፖስታም ያስቀምጡት። ሁለቱን ስብስቦች አያቀላቅሉ። የ20 ሴ.ሜው አምስተኛ 4 ሴ.ሜ ነው፤ የ24ቱ ስድስተኛም 4 ሴ.ሜ ነው። ጎን ለጎን ካያቸው 1/5 = 1/6 ይልዎታል፣ በዓይኑ ስላየውም መልሶ ማሳመን ይከብዳል።

አቋራጭ
ይሄ ሁሉ መቁረጥ አይበዛም? መስቀለኛ ማባዛት አስተምሪው፣ እህቴ። የእያንዳንዱን ላዕል በሌላው ታህት አባዝቶ ይደምራል፣ ሁለቱን ታህቶች ያባዛል፣ አለቀ። በአንድ ማታ ይይዘዋል።

ጠመኔ
ወንድሜ፣ ይይዘዋል፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። 1/6 + 3/8ን በመስቀል ብትሠራው (8 + 18)/48 = 26/48 ይመጣል፣ ከዚያ ወደ 13/24 ማቃለል አለብህ። በ24 ብትሄድ 4/24 + 9/24 ብለህ በቀጥታ ትደርሳለህ። ክፍልፋዮቹ ሦስት ሲሆኑ ደግሞ መስቀሉ የሚያያዝበት የለውም። ከሁሉ የከፋው፣ ሕጉን ያለ ምክንያት የያዘ ልጅ ማባዛት ሲያይም መስቀል ያሰምራል፤ ያን ጊዜ እስካሁን ያልተበላሸው ማባዛትም ይበላሻል።

ትንሹን የጋራ ብዜት ለማግኘት ቀላሉ መንገድ የትልቁን ታህት ብዜቶች በቅደም ተከተል መጥራት ነው፦ ለ6 እና ለ8፣ «8፣ 16፣ 24»፤ ለ6 የሚካፈለው ላይ ሲደርስ መቆም። እዚህ ላይ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ችግሩ ክፍልፋይ ሳይሆን የማባዛት ሰንጠረዥ ሊሆን ይችላልና የ6፣ የ7 እና የ8ን ሰንጠረዥ ይፈትሹ።

የሚኪ እናት
እግዜር ይስጥልኝ። ጠየቅኩት። 3/7 ይበልጣል አለ፣ «7 ትልቅ ስለሆነ»። 3/4ን ልክ እንዳላችሁት 1 1/2 ላይ አስቀመጠው። ሦስተኛው ላይ 19 አለ። አንድ ያልገባኝ ነገር፣ ወረቀቱን ሳሳየው «መምህሬም እንደኔ ነው የምትደምረው» ብሎ ሞገተኝ። ከየት ያመጣው ይመስላችኋል?

ቀይ እስክሪብቶ
ልክ ነው፣ አይቶታል። የፈተና ወረቀቱን ይመልከቱ፦ የመጀመሪያው ክፍል 7/10፣ ሁለተኛው 8/10፣ ግርጌ ላይ ድምሩ 15/20። ላዕል ከላዕል፣ ታህት ከታህት! ለውጤት ትክክል ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ሙሉው ራሱ እየጨመረ ነው፤ ከ10 ጥያቄ ወደ 20 ጥያቄ። ክፍልፋይ ስንደምር ግን ሙሉው አንድና ያው ነው፣ የ24 ሴ.ሜው ዘንግ አያድግም። ይህን ልዩነት በግልጽ ይንገሩት፣ «ተሳስተሃል» ብለው ብቻ አይለፉት፤ ያየውን ነው የተናገረው። ክፍልፋይ ስታስረዱትም የጎል፣ የነጥብ ወይም የውጤት ምሳሌ አትጠቀሙ። ርዝመት፣ ሰዓትና የውሃ መጠን ይሻላሉ።

ከዚያ 2/5ን ይዘው ወደ ዘንጉ ይመለሱ። ከ20 ሴ.ሜው ሁለት አምስተኛ 8 ሴ.ሜ፣ ግማሹ 10 ሴ.ሜ ነው። «ግማሽ ነበረን፣ ሲሶ ጨመርንበት፣ እንዴት ከግማሽ አነሰ?» ብለው ዝም ይበሉ። መልሱን ራሱ ያግኘው፣ አያቀብሉት።

ገበታ
ድምሩ ሲስተካከል ወዲያው የሚመጣውን ወጥመድ አሁኑኑ ልናገር፦ 3 1/4 − 1 2/3። ከ1/4 ላይ 2/3 አይነሳም፣ ስለዚህ ልጁ ገልብጦ ከ2/3 ላይ 1/4 ይቀንሳል። ወደ 12 ይቀይሩት፦ 3 3/12 − 1 8/12። ከ3ቱ አንድ ሙሉ ሲበደር ያ አንድ 12/12 ነው፤ 2 15/12 − 1 8/12 = 1 7/12። ከሙሉ ቁጥር በለመደው መሠረት 10 ጨምሮ 2 13/12 የሚጽፍ ልጅ በጣም ብዙ ነው። «አንድ ሙሉ ስንት አሥራ ሁለተኛ ነው?» የሚለውን ከመቀነሱ በፊት ጮክ ብሎ ይመልስ።

ማካፈልም በዚያው ዘንግ ይሠራል። 3/4 ÷ 1/8 ማለት በሦስት ሩብ ውስጥ ስንት ስምንተኛ አለ ማለት ነው፤ ደርድሮ ይቁጠር፣ 6 ይሆናል። በማካፈል ሕጉ (ሁለተኛውን ገልብጦ ማባዛት) የትኛውን ክፍልፋይ እንደሚገለብጥ የሚምታታበት ልጅ መልሱን አስቀድሞ ካየው ትክክለኛውን ይለያል።

የሚኪ እናት
የመጨረሻ ጥያቄ፦ ፈተና ላይ ወረቀት ይዞ አይገባ። ቁራጮቹን መቼ ላንሳበት?

ጠመኔ
ዘንጉን ከመዘርጋቱ በፊት መልሱ ከግማሽ ይበልጥ ወይም ያንስ እንደሆነ፣ ከ1ም ያልፍ እንደሆነ እንዲናገር ያድርጉ። ግምቱ በተከታታይ ልክ መሆን ሲጀምር ቁራጮቹን ያንሱና በደብተሩ ላይ በማስመሪያ ሁለት እኩል ዘንጎች ስሎ ይሥራ። ከዚያ ቁጥሩን ብቻ። መሐል ላይ ወደ 2/5 ዓይነት መልስ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመልሱት፣ ወደ መጀመሪያው አይደለም። ፈተና ላይ ደግሞ ከጥያቄው ጎን ግምቱን በአንድ ቃል ይጻፍ፤ «ከ1 በታች» ብሎ 7/6 ካገኘ የቱ ላይ ተመልሶ ማየት እንዳለበት ያውቃል።